ዌስተርላንድን ማን ገደላት?



ዛሬ የምጽፈው ስለ ካርቱን ነው። አትሳቁ። ወይም ሳቁና አንብቡ።

እህቴ የምትኖረው ሰንጋ ተራ፣ ከ40/60 ኮንዶሚኒየሞቹ በአንዱ ነው። ትልቁ ልጇ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ደርሷል። ከጥቂት ወራት በፊት ደወለችልኝና «እስቲ መጥተህ ይህን ልጅ አነጋግርልኝ። ከኢሻ በኋላ በሩን ዘግቶ የጃፓን ካርቱን ሲያይ ነው የሚያነጋው። ምንድነው ስለው ጦርነት ነው ይለኛል» አለችኝ። ሄድኩ። ልጁ ኢርፎን ሰክቶ ላፕቶፑ ላይ አፍጧል። ሊቆጣኝ ነው ብሎ ሲጠብቅ አጠገቡ ተቀመጥኩና «በል ከመጀመሪያው አሳየኝ» አልኩት። ሐሳቤ አንዱን ክፍል አይቼ፣ ሁለት የምክር ቃል ጣል አድርጌ፣ ሻዬን ጠጥቼ መሄድ ነበር።

ወላሂ፣ 110ሩንም ክፍል አየሁት። አንዳንዱን ከእሱ ጋር፣ አብዛኛውን ፍላሽ ላይ አስጭኜ ቤቴ ወስጄ።

የፊልም ማየትን ሑክም፣ የሙዚቃውን ነገር፣ የጊዜ ማባከኑን ጉዳይ ለኡስታዞቻችን እተዋለሁ፤ እነሱ ከኔ ያውቃሉ። እኔ የምጽፈው ይህ ነገር ከእኛ ስልክ ጋር ስለሚያገናኘው አንድ ጉዳይ ነው። ልጆቻችን እንደሆነ እያዩት ነው። ናሩቶን፣ አታክ ኦን ታይታንን ያላየ የሰፈር ልጅ ካለ ጥሩልኝ። ስለዚህ ቢያንስ ምን እያዩ እንደሆነ እንወቅ።

ተከታታዩ በእንግሊዝኛ ስሙ «ሌጀንድ ኦፍ ዘ ጋላክቲክ ሂሮስ» ይባላል፤ የጋላክሲ ጀግኖች አፈ ታሪክ እንደማለት ነው። መነሻው መጽሐፍ ነው። ዮሺኪ ታናካ የተባለ ጃፓናዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1987 በ10 ቅጽ አሳተመው። ፊልሙ በ1988 መጨረሻ መውጣት ጀምሮ በ1997 አለቀ። ዳይሬክተሩ ኖቦሩ ኢሺጉሮ ይባላል። ያኔ በቴሌቪዥን አልነበረም የሚታየው፤ በቪዲዮ ካሴት እየታተመ ለሚገዛው ሰው ነበር የሚሸጠው። በ2018 ደግሞ በአዲስ ሥዕል እንደገና መሠራት ጀመረ። እኔ የማወራው ስለ አሮጌው ነው። ሥዕሉ ያረጀ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ። የፈጣን ድብድብ አፍቃሪ ከሆንክ ሦስተኛው ክፍል ላይ እንቅልፍ ይወስድሃል።

ታሪኩ የሚሆነው ከዛሬ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ፣ የሰው ልጅ በከዋክብት መካከል ተበትኖ በሚኖርበት ዘመን ነው። ሁለት ታላላቅ መንግሥታት አሉ። አንደኛው ንጉሠ ነገሥትና መሳፍንት የሚገዙት ግዛት ነው። የመሥራቹ ታሪክ ራሱ ትምህርት ነው፤ ሩዶልፍ የተባለው ሰው ሥልጣን ላይ የወጣው በሕዝብ ተመርጦ ነበር፤ ከዚያ ዘውድ ደፋ። ሁለተኛው መንግሥት ከዚያ ግዛት ባርነት ያመለጡ ሰዎች የመሠረቱት፣ በምርጫ የሚተዳደር ኅብረት ነው። እነዚህ ሁለቱ 150 ዓመት ያህል ሲዋጉ ኖረዋል። የሚያዋስኗቸው ሁለት መተላለፊያዎች ብቻ ናቸው። በአንደኛው ላይ ፌዛን የተባለ የነጋዴዎች አገር ተቀምጦ ለሁለቱም ያበድራል፣ ለሁለቱም ይሸጣል፣ አንዱ ሌላውን ጨርሶ እንዳያሸንፍ ሚዛን ይጠብቃል። (ስሙን ስሰማ የሊቢያው ፌዛን ነው ትዝ ያለኝ። የእህቴ ልጅ ደግሞ በመስኮት ወደ ውጭ አሳየኝና «ያው እኛም ፌዛን መሀል ነን» አለኝ። በፊት ሰንጋ ይሸጥበት የነበረው ሰፈር ዛሬ ወዴትም ብትዞር የባንክ ፎቅ ነው፤ የንግድ ባንኩ ብቻ 209 ሜትር ይረዝማል። ሳቅኩ፤ ባንኮቻችን ግን ጦርነት አይሸጡም፤ ይቅር ይበለን።)

በግዛቱ በኩል ራይንሃርድ የሚባል ወጣት አለ። የደሃ ባላባት ልጅ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ እህቱን ንጉሠ ነገሥቱ ለቤተ መንግሥቱ ወሰዳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ሥርዓት እስኪፈርስ ላያርፍ ማለ። ጎበዝ ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ ሙሰኛ አይደለም፣ ለድሃው ያዝናል። በኅብረቱ በኩል ያለው ያንግ ዌንሊ ነው። ያንግ ወታደር መሆን ፈጽሞ አልፈለገም፤ ታሪክ መማር ነበር ምኞቱ። ነጋዴ አባቱ ሲሞት የቀረው ውርስ የጥንት ዕቃ ክምችት ነበር፤ ሲታይ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። ክፍያ የሌለው የታሪክ ትምህርት ያለው የጦር አካዳሚ ውስጥ ስለነበር ገባ። ከዚያ የታሪክ ክፍሉ ተዘጋና ወደ ጦር ስልት አዛወሩት። በገንዘብ እጦት የማይፈልገውን ዲፓርትመንት የተማረ ሁሉ ይህን ሰው በደንብ ይረዳዋል።

የደራሲው ብልጠት እዚህ ላይ ነው። የተሻለው ሥርዓት በበሰበሱ ፖለቲከኞች እጅ ነው። የከፋው ሥርዓት ደግሞ በጎበዝና በቅን ወጣት እጅ ሊገባ ነው። ታዲያ የቱ ይሻላል? ልጆቻችን ግማሹ የራይንሃርድ፣ ግማሹ የያንግ ደጋፊ ሆነው ሌሊቱን ሙሉ ቴሌግራም ላይ ይከራከራሉ። የእህቴ ልጅ የራይንሃርድ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

እኔን የያዘኝ ግን ፊልሙ ሟች መቁጠሩ ነው። ሌላው የጠፈር ጦርነት ፊልም መርከብ ሲፈነዳ ያሳይህና ያልፋል። እዚህ እያንዳንዱ መርከብ ውስጥ ሰው አለ፤ እናቱን የሚጣራ፣ ስለ ደመወዙ የሚያወራ። የመጀመሪያው ትልቁ ውጊያ አስታርቴ ላይ ነው። ራይንሃርድ በ20,000 መርከብ 40,000 መርከብ ይገጥማል። ኅብረቱ በሦስት ተከፍሎ ሊከበው ሲመጣ እሱ ሳይገናኙ አንዱን ከአንዱ በኋላ ይመታል። ውጊያው ካለቀ በኋላ በኅብረቱ ዋና ከተማ የሐዘን ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። ትሩኒክት የተባለው የመከላከያ ሹም ስለ ጀግኖች መስዋዕትነት ያማረ ንግግር ያደርጋል፤ አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭባል። ያንግ ብቻ ከመቀመጫው አይነሳም። ከዚያ ጄሲካ የምትባል ሴት ወደ ፊት ትመጣለች። እጮኛዋ አስታርቴ ላይ ቀርቷል። ሹሙን የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አንተ ራስህ የት ነበርክ፣ የአንተስ ቤተሰብ የት ነው? ሰውየው መልስ የለውም። ጠባቂዎች ያስወጧታል።

ትንሽ ቆይቶ የኅብረቱ መንግሥት ምርጫ ሲቃረብበት ድጋፉ ይወርዳል። አንድ ትልቅ ድል ቢገኝ ድጋፉ በስንት በመቶ ከፍ እንደሚል በኮምፒውተር ያሰላሉ። በዚያ ስሌት 30 ሚሊዮን ወታደር ወደ ግዛቱ ይዘምታል። የግዛቱ ጦር ደግሞ አይገጥማቸውም፤ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ከየመንደሩ እህሉን ጠራርጎ ይወስዳል። ነፃ አውጪ ነን ብለው የመጡት ወታደሮች የሚያገኙት የተራበ ሕዝብ ነው። መጀመሪያ ስንቃቸውን ያካፍላሉ። ስንቁ ሲያልቅ ከዚያው ከተራበው ሕዝብ መቀማት ይጀምራሉ፤ ሕዝቡም ይነሳባቸዋል። ያኔ ነው ራይንሃርድ የሚመታቸው። 20 ሚሊዮኑ አልተመለሰም። እህሉን ያስወሰደው ማን ነበር? ለድሃ የሚያዝነው ራይንሃርድ።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ባሉት ሁለት ዓመታት በዚህች አገር የኖረ ሰው ይህን ክፍል ተረጋግቶ የሚያየው አይመስለኝም። እኔ አቁሜው ውኃ ልጠጣ ተነሳሁ።

አሁን ወደ ዌስተርላንድ።

በግዛቱ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነት ይነሳል። መሳፍንቱ በአንድ ወገን፣ ራይንሃርድ በሌላው። ዌስተርላንድ የተባለችው ፕላኔት ከመሳፍንቱ አለቃ ከብራውንሽቫይግ ግዛቶች አንዷ ናት። ገዢዋ የእሱ ዘመድ ነው። ለጦርነቱ ሲል ሕዝቡን ሲያስጨንቅ ሕዝቡ ያምጽበታል፤ ቆስሎ ያመልጥና ይሞታል። ብራውንሽቫይግ በንዴት ያቺ ፕላኔት በኒውክሌር ቦምብ ትመታ ብሎ ያዛል። ሁለት ሚሊዮን ሰው አለባት።

ወሬው አስቀድሞ ራይንሃርድ ዘንድ ይደርሳል። ማስቆም ይችላል፤ መርከብ አለው፣ ጊዜ አለው። ኦበርሽታይን የተባለ አማካሪው ግን ተው ይለዋል። ይተዉት፣ ይምቱ፣ እኛ እንቅረጸው፤ ምስሉን በመላው ግዛት ስናሳየው ሕዝቡ ከመሳፍንቱ ይከዳል፣ ጦርነቱም ባጭሩ ያልቃል፤ ጦርነቱ ቢራዘም የሚሞተው ከዚህ ይበልጣል ነው ነገሩ። ራይንሃርድ እሺም እምቢም ሳይል ያመነታል። እሱ ሲያመነታ ቦምቡ ይወርዳል። ካሜራው ቦታው ላይ ነበር።

ምስሉ ተሰራጨ። እንደተባለውም ሆነ፤ ሕዝቡ ከዳቸው፣ ወታደሮቻቸው ከዷቸው፣ ምሽጋቸው ወደቀ። ኦበርሽታይን ልክ ነበር። ይህን ነው ደራሲው በጉሮሮህ ላይ የሚሰካብህ።

ኪርሃይስ የሚባል የራይንሃርድ የልጅነት ጓደኛ አለ፤ ከወንድም የቀረበ። ነገሩን ሰምቶ ፊት ለፊት ይጠይቀዋል። ራይንሃርድ አይክድም፤ ግን ይቆጣል፤ በጓደኛው ፊት እንደ አለቃ ይናገራል። ኪርሃይስ የሚለው ባጭሩ፣ መሳፍንቱ ይህን ቢያደርጉ ልማዳቸው ነው፤ አንተን የተከተልንህ ግን ከእነሱ ስለምትለይ ነበር ነው። በራይንሃርድ ፊት መሣሪያ ይዞ እንዲቆም የሚፈቀድለት እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ይህ ቀረ። በድሉ ሥነ ሥርዓት ላይ አንድ ሰው ራይንሃርድን ሊገድል ሲነሳ ኪርሃይስ ባዶ እጁን ነው። በሰውነቱ ይከልለዋል፤ ይሞታል። (ይቅርታ፣ ታሪኩን አፈረስኩባችሁ። ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ፊልም ነው፤ ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም።)

ይህን የጻፈው ጃፓናዊ መሆኑን አትርሱ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ፣ በሦስተኛው ቀን ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ ተመቱ። ያኔም ከዚያም ወዲህ የሚሰጠው ምክንያት ምን ነበር? ጦርነቱን አሳጠረ፤ ባይጣል ኖሮ የሚሞተው ይበልጥ ነበር። የኦበርሽታይን ስሌት ከየት እንደመጣ ለጃፓን አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ታናካ ያንን ስሌት ወስዶ በምንወደው ወገን አፍ ውስጥ አስገባው። ክፉው ብራውንሽቫይግ ቦምቡን ጣለ፤ ይህ ቀላል ነው፤ ክፉ ነው፣ እንጠላዋለን። ደግሞ እያየ የጠበቀው አለ። የኛው ነው።

የእህቴን ልጅ «ታዲያ ዌስተርላንድን ማን ገደላት?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ብራውንሽቫይግ ነዋ።»

«ራይንሃርድስ?»

«እሱ ምን አደረገ? ቪዲዮውን ነው ያሳየው። ደግሞ አጎቴ፣ ጦርነቱ እኮ አጠረ።»

«ማጠሩን ማን ነገረህ?»

«ኦበርሽታይን።»

ዝም ተባባልን። ከዚያ ራሱ ሳቀ። እውነትም፣ ስሌቱን ያመጣው ኦበርሽታይን፣ ትክክል ነው ያለውም ኦበርሽታይን፣ ያተረፈውም የእሱ ወገን። ሁለት ሚሊዮኑን ሟች ማንም ሊቆጥረው ይችላል። «የተረፉትን» ግን ከሂሳብ ሠሪው በቀር ያየ የለም።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እስካሁን ስለ ጠፈር ነበር ያወራሁት። አሁን ስለ ራሴ ልናገር።

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ረመዳን ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ጎንደር ውስጥ በአንድ ዓሊም ቀብር ላይ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደረሰ። ሰዎች ተገደሉ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። ያን ማታ ስልካችን ምን ይመስል እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከኢፍጣር በኋላ አንድ ቪዲዮ ደረሰኝ። የመጀመሪያው ስሜቴ ምን እንደነበር አላህ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ። «ኢና ሊላሂ» ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ውስጤን ቸኮል አደረገው፤ «ይኸው ማስረጃ፤ አሁን ምን ይሉ ይሆን?» ዓይነት ነገር። ደስታ ልለው አልደፍርም። ግን ሐዘን አልነበረም። ሐዘኑ ቆይቶ ነው የመጣው። ከላይ የንዴት ጽሑፍ ጨምሬበት ላለሁባቸው ግሩፖች ሁሉ ላክሁት። የተቀረጸበትን ቦታ አላጣራሁም። የሟቹ እናት ልታየው ትችላለች ብዬ አላሰብኩም። የሁጁራትን ትዕዛዝ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ያን ማታ ግን ጣቴ ቀደመኝ።

በሁለተኛው ቀን ስልጤ ዞን ወራቤ ላይ ቤተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። እዚያም ሰው ሞተ። ጎንደር ስላለው ቀብር ምንም የማያውቁ፣ ጎረቤት ሆነው የኖሩ ሰዎች።

እኔ የላክሁት ቪዲዮ ወራቤ ደረሰ ወይ? አላውቅም፤ ማወቅም አልችልም። ከግሩፖቹ በአንዱ ግን የዚያ አካባቢ ልጆች ነበሩ። ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ቴምሬን እየበላሁ፣ «እውነቱን እያሰራጨሁ ነው» እያልኩ ነበር። ኦበርሽታይንም ያሰራጨው እውነተኛ ቪዲዮ ነው። አንድም ውሸት አልነበረበትም።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ራሴም አነሳዋለሁ። «ታዲያ እንዳንቀርጽ ነው? ያልተቀረጸ በደል እንዳልተፈጸመ አይደል የሚቆጠረው? ዝም ስንል አይደል የምንረሳው?» ልክ ነው። ጋዛ ውስጥ ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ወዲህ ካሜራ ይዘው የሞቱት ጋዜጠኞች ባይኖሩ ዓለም ምን ያውቅ ነበር? እነሱን ከኦበርሽታይን ጋር የሚያወዳድር ሰው አላህን ይፍራ። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። የጋዛው ጋዜጠኛ የሚቀርጸው እንዲቆም ነው፤ ካሜራው ያለው ከሚሞቱት ጋር ነው፤ ቦምቡ እሱም ላይ ይወርዳል። የኦበርሽታይን ካሜራ ደኅና ርቀት ላይ ቆሞ እስኪያልቅ ነበር የሚጠብቀው። ቀራጩ እንዲቆም አይፈልግም፤ ቢቆም ቪዲዮው አይኖርም።

የኛስ ስልክ ከየትኛው ይቀርባል? እኔ እንደማየው ብዙዎቻችን ቀራጮችም አይደለንም። አስተላላፊዎች ነን። ሬሳው ገና ሳይነሳ «የኛ ናቸው ወይስ የነሱ?» ብለን እንጠይቃለን። የኛ ከሆኑ ቪዲዮው በሰዓት ውስጥ አገር ያዳርሳል። የነሱ ከሆኑ «ይጣራ»፣ «ቅንብር ነው»፣ «ቀድሞ ማን ጀመረው?» እንላለን። በሌላው ወገንም ያው ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ግሩፕ ውስጥ ብትገባ የአንዱ ሐዘን የሌላው ዝምታ ነው። ለሟቹ ቤተሰብ ብር ሲሰበሰብ ደግሞ ያ ሁሉ አስተላላፊ የት እንደሚሄድ እንጃ። ከዚያ የጎንደር ሳምንት በኋላ ስንቶቻችን ነን የቆሰሉት ዳኑ ወይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ተመለሱ ወይ ብለን የጠየቅነው? እኔ አልጠየቅኩም።

በዚያ ላይ ቪዲዮዎቹ ያረጃሉ፣ ይሰደዳሉ። የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ሬሳ የኛ ተብሎ ይመጣል። የሰው ልጅ ሞቶ እንኳ አገሩ ላይ አይተኛም።

ይህን ስል ፊልሙን ከነጉድፉ ተቀበሉት ማለቴ አይደለም። ትልቅ ጉድፍ አለበት። ሃይማኖት የሚባለውን ነገር የሚያሳየው በአንድ ቡድን ብቻ ነው፤ ምድርን የሚያመልክ፣ ተከታዮቹን በአደንዛዥ ዕፅ የሚያነሁልል፣ ነፍሰ ገዳይ የሚልክ። ያንግ ዌንሊን ያህል ሰው የሚገድሉት እነሱ ናቸው። በዚያ ሁሉ ክዋክብት ላይ ለጎረቤቱ የሚራራ፣ ዘረፋን እምቢ የሚል አንድ አማኝ አልተገኘም? በመቶ አሥር ክፍል? ይህ የደራሲው ስንፍና ነው። ሴቶቹም ከጄሲካና ከጥቂቶች በቀር ሻይ አቅራቢዎች ናቸው። ዩኒፎርሙና የአውሮፓ ሙዚቃው ደግሞ ጦርነቱን ያሳምረዋል፤ ስለ ጦርነት ክፋት የሚያወራ ፊልም እንዴት እንዲህ ያማረ መርከብ ይሠራል? ልጁ የመርከቦቹን ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጥፏል። የሁለቱ ሚሊዮን ሰዎች ሥዕል ግን አልተለጠፈም።

ቢሆንም እህቴን «ተይው ይይ» አልኳት። ምክንያቴ አንድ ነው። ትምህርት ቤት ያላስተማረውን፣ እኔም ያላስተማርኩትን ጥያቄ ይህ ካርቱን ጠይቆታል፤ የምትወደው ሰው፣ የምትደግፈው ወገን፣ ሊያስቆመው የሚችለውን ግፍ ለጥቅሙ ሲል ቢተወው ምን ትላለህ? የጠላትህን ግፍ መጥላት ትምህርት አይፈልግም።

ከወር በኋላ ገደማ ተመልሼ ሰንጋ ተራ ሄድኩ። ልጁ መጨረሻው አካባቢ ደርሷል። ራይንሃርድ አሁን ንጉሠ ነገሥት ነው፤ ያሸነፈ፣ የተፈራ፣ የተወደደ። አንድ ሰው ሊገድለው ሲል ይያዛል። ባለሥልጣን አይደለም፣ የመሳፍንት ወገንም አይደለም። ሚስቱና ልጁ ዌስተርላንድ ላይ የሞቱበት ተራ ሰው ነው። ንጉሠ ነገሥቱን በፊቱ ቆሞ ይከሰዋል፤ ታውቅ ነበር፣ ዝም አልክ። መላ ጋላክሲውን ያንበረከከው ሰው ፊቱ ነጭ ይሆናል። የሚለው ያጣል።

ልጁ ቪዲዮውን አቆመው። ብዙ ጊዜ የራይንሃርድን ንግግር በቃሉ ይደግምልኝ ነበር፤ ዛሬ ዝም አለ። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ ከታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ቆይቶ «ሚስቱ ስሟን እንኳን አልነገሩንም አይደል?» አለኝ።

«አልነገሩንም።»

ስልኩ አልጋው ላይ ነዘረ። የክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። አነሳው፣ አየው፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደኔ አዞረው። ቪዲዮ ነው፤ ጭስ፣ የሚሮጡ ሰዎች፣ መሬት ላይ የተጋደመ ነገር። ከሥሩ በትላልቅ ፊደል «ሼር ሼር ሼር» ይላል።

«የት ነው ይላል?» አልኩት።

«አይልም።»

«መቼ ነው?»

ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው። «እሱንም አይልም።»

ጣቱ ስክሪኑ ላይ እንደተንጠለጠለች ትንሽ ቆየ። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ አልጋው ላይ አስቀመጠውና ቀጣዩን ክፍል ከፈተ።